ጎራዴውን ማን ሠራው?

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ፣ ከጎፋ እስከ ጀሞ ድረስ፣ ሥጋ ቤት የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ጥሬ ሥጋ ሲታዘዝ ከአዋዜውና ከሚጥሚጣው ጋር ቢላ ይመጣል። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ቢላ ፊታችሁ ሲቀመጥ ተጠንቅቃችሁ አገላብጡና ስለቱን እዩት። ከፋብሪካ የመጣ ከሆነ የድርጅቱ ስም፣ አንዳንዴም የአገሩ ስም ተቀርጾበት ታገኛላችሁ። እዚሁ አገር በእጅ የተቀጠቀጠ ከሆነ ግን የመዶሻው ምት ይታያል እንጂ የመቺው ስም የለም።

"ምን ችግር አለው? ዋናው መቁረጡ አይደል?" ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን ከሥጋ ቤቱ ጠረጴዛ በጣም ይርቃል። የኢትዮጵያ ጎራዴ፣ ሾተልና ጩቤ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰብሳቢዎች ቤት፣ በሙዚየሞች መስታወት ውስጥና በጨረታ አዳራሾች ይገኛሉ። ሰብሳቢዎቹ የጉብጠቱን ልክ ይለካሉ፤ እጀታው ከምን ቀንድ እንደተሠራ ይመረምራሉ፤ በአፎቱ ቆዳ ላይ ስላለው ጌጥ ይከራከራሉ። የማን ደጃዝማች እንደነበረ፣ በየትኛው ጦርነት እንደዋለ ይጠይቃሉ። አንድ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል መልስ አያገኝም፤ ማን ሠራው?

በዚህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ እንከተላለን። ጥያቄው መጀመሪያ ወደ ብረት ሳይንስ ይወስደናል፤ ቀጥሎ ደግሞ ስለራሳችን ብዙም ደስ ወደማይል ታሪክ።

ሾተል ለምን ተጣመመ?

መጀመሪያ ዕቃዎቹን እንተዋወቅ። ጎራዴ የምንለው ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገኑ ብቻ የተሳለ፣ በመጠኑ የጎበጠ ረጅም መሣሪያ ነው። ሾተል ደግሞ በሁለቱም ወገን የተሳለ ሆኖ እንደ ማጭድ የታጠፈ ነው፤ ከእጀታው እስከ ጫፉ ወደ 1 ሜትር ይጠጋል። የአፋሮቹ ጊሌ ከሁለቱም ያጥራል። ሰፋ ያለ፣ ሁለት ስለት ያለውና የጎበጠ፣ ወገብ ላይ የሚታጠቁት ጩቤ ነው።

ሾተል ያን ያህል መታጠፉ ለውበት ብቻ አልነበረም። ከፊታችሁ ያለው ተዋጊ በግራ እጁ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ ጋሻ ይዟል እንበል። ቀጥ ያለ ሰይፍ ብትሰነዝሩ ጋሻው ላይ ያርፍና ይቆማል። የታጠፈው ሾተል ግን በጋሻው ጠርዝ ዞሮ ከኋላው ያለውን ይደርስበታል። አንዳንድ አውሮፓውያን ሾተልን "ለአያያዝ የማይመች" ብለው ነቅፈውታል። እውነት ነው፣ እነሱ እንደለመዱት ሰይፍ ለሰይፍ ለመፋለም አይመችም። የተሠራው ግን ለዚያ አልነበረም፤ ጋሻ ለያዘ ሰው ነበር።

እንግዲህ ይህን ቅርጽ ያወጣው ሰው አንድ ችግር አይቶ መፍትሔ ያበጀ ሰው ነው። ዛሬ ቢሆን "ኢንጂነር" እንለው ነበር። በዘመኑ ምን ይባል እንደነበር ቆይተን እናያለን።

ከአፈር እስከ ስለት

አንድ ስለት ለመሥራት ምን ማወቅ ያስፈልጋል? እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

ብረት በአብዛኛው ንጹሕ ሆኖ መሬት ውስጥ አይገኝም። ከኦክሲጅን ጋር ተጣብቆ በድንጋይና በአፈር ውስጥ ነው ያለው። በብዙ የአገራችን ክፍል የምናየው ቀይ አፈር ቀይ የሆነው በዚህ በዛገ ብረት ምክንያት ነው። ድሮ ብረት አቅላጮች ብረት የበዛበትን ድንጋይ መርጠው ከከሰል ጋር በጭቃ ምድጃ ውስጥ ይደረድሩና በወናፍ እየነፉ ያነዱታል። ከሰሉ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ሙቀት መስጠት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ከድንጋዩ ውስጥ ኦክሲጅኑን እየነጠቀ ብረቱን ብቻውን እንዲቀር ማድረግ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖሩት የዲሜ ሕዝብ በዚህ ጥበብ የታወቁ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ብረት ሙሉ በሙሉ ለመቅለጥ 1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። የጭቃው ምድጃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 1200 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ብረቱ እንደ ውኃ አይፈስም። የሚፈሰው "የብረት አር" የምንለው ዝቃጩ ነው። ብረቱ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ጓል ሆኖ ይቀራል። ቀጥቃጩ ያንን ጓል እያጋለ፣ እየደበደበ፣ ዝቃጩን ከውስጡ ጨምቆ ማውጣት አለበት። "ቀጥቃጭ" የሚለው ስም ራሱ ከዚህ ነው የመጣው።

አሁን ብረት አገኘን፤ ስለት ግን ገና ነው። ንጹሕ ብረት ለስላሳ ስለሆነ ቢሳልም ቶሎ ይዶለዱማል። ጥንካሬ የሚሰጠው ካርቦን ነው። ካርቦን በብረት ውስጥ ማለት ጨው በወጥ ውስጥ እንደማለት ነው፤ ሲያንስ አይጥምም፣ ሲበዛ ያበላሻል። እስከ 2 በመቶ የሚደርስ ካርቦን ያለው ብረት አረብ ብረት ይባላል። ለጥሩ ቢላ ተስማሚው ከ0.6 እስከ 1 በመቶ አካባቢ ነው። ከዚያ ብዙ ካነሰ ይታጠፋል፤ በጣም ከበዛ እንደ ሸክላ ይሰበራል።

የመጨረሻው ፈተና ማጠንከሩ ነው። አረብ ብረት ከ730 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲግል በውስጡ ያሉት አተሞች አሰላለፋቸውን ይቀይራሉ፤ ካርቦኑም በመሃላቸው ይሟሟል። በዚህ ጊዜ ድንገት ውኃ ወይም ዘይት ውስጥ ከተነከረ ካርቦኑ ለመውጣት ጊዜ አያገኝም፤ እዚያው ተጠምዶ ይቀራል። ውጤቱ ማርቴንሳይት ይባላል። ስሙ የተሰጠው ለጀርመናዊው ተመራማሪ ለአዶልፍ ማርቴንስ መታሰቢያ ነው። ማርቴንሳይት በጣም ጠንካራ ነው፤ ግን ቢወድቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ስለቱ እንደገና በዝግታ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይሞቃል፤ ትንሽ ጥንካሬ ያጣና መሰበሩን ይተዋል።

ይህ ሁሉ ያለ ቴርሞሜትር! ቀጥቃጩ ሙቀቱን የሚያነበው በቀለም ነው። ደብዛዛ ቀይ፣ ደማቅ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ትርጉም አለው። ብረት 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ያቆማል፤ የዛሬ ባለሙያዎች ይህን በማግኔት ይፈትሹታል። የድሮው ባለሙያ ግን ዓይኑን ብቻ ይዞ እዚያው ሙቀት ላይ ይደርስ ነበር። "ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው" የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። እንደጋለ ማለት ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቀው ግን ቀጥቃጩ ነው።

ስድብ የሆኑ ሁለት የምስጋና ቃላት

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው በአማርኛ ምን ተባለ? ሁለት ጥንታዊ ስሞች አሉት። አንዱ "ባለእጅ" ነው፤ እጅ ያለው፣ በእጁ የሚያውቅ ማለት ነው። ሁለተኛው "ጠይብ" ነው፤ "ጠቢብ" ከሚለው ቃል ጋር ይዛመዳል። እስቲ አስቡት፣ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አለ?

ነገር ግን ሁለቱም ቃላት በጊዜ ብዛት ስድብ ሆኑ። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ባለእጅ ቡዳ ነው ተባለ። በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል ተባለ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ለዓመታት የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ይህን እምነት በዝርዝር መዝግቧል። በጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያለው ጅብ ታየ እየተባለ ይወራ እንደነበርም ጽፏል። ጉትቻው ጅቡ ቀን ቀን ሰው ለመሆኑ ማስረጃ ነበር እንግዲህ!

ወሬው የሚያስቅ ይመስላል። ውጤቱ ግን አያስቅም። ቀጥቃጭ ከጎረቤቱ ጋር አይጋባም፤ ልጁ ሲታመም ጎረቤት የሚጠረጥረው እሱን ነው፤ በብዙ ቦታ ደግሞ እርስት የለውም። ነገሩ በአማራና በትግራይ ብቻ አልነበረም። በኦሮሞ ዘንድ ቱምቱ፣ በሌሎችም የደቡብ ሕዝቦች መካከል ብረት ሠሪዎች ተለይተው፣ እርስ በርሳቸው ብቻ እየተጋቡ የኖሩባቸው አካባቢዎች ብዙ ናቸው።

ለምን እንዲህ ሆነ? የታሪክና የሥነ ሰብእ ተመራማሪዎች ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ መሬት ነው። የጎንደር አካባቢን ቤተ እስራኤሎች ውሰዱ። በመካከለኛው ዘመን ከነገሥታቱ ጋር በተደረጉት ጦርነቶች ሲሸነፉ ብዙዎቹ የእርስት መብታቸውን አጡ። መሬት ያጣ ሰው በእጁ መኖር አለበት። ስለዚህ ብዙዎቹ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ግንበኛ ሆኑ። መሬት ባለው ኅብረተሰብ ውስጥ መሬት የሌለው ሰው ይናቃል፤ ሥራውም ከእሱ ጋር ይናቃል። ሌላው ምክንያት ፍርሃት ነው። ድንጋይ በእሳት ወደ ብረት ሲለወጥ ሳይንሱን ለማያውቅ ሰው አስማት ይመስላል። አስማት የሚችል ደግሞ ክፉም ሊሠራ ይችላል ተብሎ ይጠረጠራል።

የሚገርመው፣ ይኸው የሚፈራውና የሚናቀው ሰው ባይኖር አገሩ አንድ ቀን አያድርም ነበር። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ዶማውን፣ ምሳሩን የሚሠራው እሱ ነው። ጤፍ የሚዘራው በእሱ ብረት፣ የሚታጨደውም በእሱ ብረት ነው። ጌታው ወገቡ ላይ የሚታጠቀው ጎራዴም እንደዚሁ። ጎራዴው ግብር ቤት ይገባል፤ ሠሪው ግን አይገባም።

ነገሥታቱ ባለእጅ ሲፈልጉ

ንቀቱ አገሪቱን ምን አስከፈላት? ከነገሥታቱ ደብዳቤዎች ጥቂቱን ማየት ይቻላል።

በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አፄ ልብነ ድንግል ለፖርቱጋል ንጉሥ ሲጽፉ ከጠየቋቸው ነገሮች መካከል ባለሙያዎች ይገኙባቸዋል፤ ሰይፍና የጦር መሣሪያ የሚሠሩ ሰዎችም ጭምር። ከ3 መቶ ዓመታት በኋላ አፄ ቴዎድሮስም ከአውሮፓ ባለሙያዎችን ጠይቀዋል። በአገሩ የነበሩትን ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ደግሞ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩ አደረጓቸው። ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝን ነበር፤ እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎትቶ ደርሷል። ቸርችል ጎዳና ላይ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ምሳሌው ነው። በጋፋት የነበሩት የእነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ስም ተጽፎ ቀርቷል። አብረዋቸው ከሰል ያነደዱትና ብረት የተሸከሙት የብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ስም ግን አልደረሰንም።

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ዘረፈ። ዘውዱ፣ ጽላቱ፣ የብራና መጻሕፍቱ፣ ጋሻና ጦር መሣሪያው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደ፤ ደላንታ ሜዳ ላይም ለሁለት ቀን ጨረታ ተካሄደበት። እንግዲህ ለኢትዮጵያ የብረትና የቆዳ ሥራ ከታላላቆቹ የውጭ ገበያዎች አንዱ የተከፈተው በዘረፋ ነው። ጉዳዩ ዛሬም አላለቀም። በ2024 እ.ኤ.አ. የመቅደላ ጋሻ እንግሊዝ አገር ኒውካስል ላይ ለጨረታ ቀርቦ በኢትዮጵያ ተቃውሞ ተነስቷል። በእንዲህ ያሉ ዕቃዎች መግለጫ ላይ የንጉሡ ስም አለ፤ የዘራፊው መኮንን ስም አንዳንዴ አለ። የሠሪው ግን የለም።

ንቀቱን በግልጽ በሕግ ለማስቆም የሞከሩት አፄ ምኒልክ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሌላውንም ሠራተኛ በሥራው መስደብ ከለከሉ፤ ተሳዳቢውም እንዲቀጣ አዘዙ። አዋጁ ትልቅ እርምጃ ነበር። ግን አዋጅ አፍን ይዘጋ ይሆናል እንጂ ልብን ቶሎ አይለውጥም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ደግሞ የመሬቱ እገዳ በሕግ ደረጃ ወደቀ፤ ባለእጅም እንደማንኛውም ገበሬ መሬት የማግኘት መብት አገኘ። የጋብቻውና የወሬው አጥር ግን በብዙ ቦታ ከዚያም በኋላ ቆሟል።

ከባሕር ማዶ የመጣው ስለት

አሁን ወደ ሰብሳቢዎቹ እንመለስ። ልምድ ያለው ሰብሳቢ የኢትዮጵያ ጎራዴ ሲይዝ መጀመሪያ የሚፈልገው ከእጀታው አጠገብ ያለውን ማኅተም ነው። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ምን መሰላችሁ? የጀርመኗን ከተማ የዞሊንገንን የፋብሪካ ምልክት። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ከአውሮፓ ብዙ ስለት ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል፤ የይሁዳ አንበሳና የግዕዝ ፊደል የተቀረጸበትም ነበረ። እጀታው ከአውራሪስ ቀንድ፣ አፎቱ ከቀይ ቆዳ እዚህ ይሠራለታል። ስለዚህ "የኢትዮጵያ ጎራዴ" የሚባለው አንዳንዴ የሁለት አገር ልጅ ነው።

ብረት ከውጭ ማስመጣት አዲስ ነገር አይደለም። በ1ኛው መቶ ዘመን ዓ.ም. አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የጻፈው የኤርትራ ባሕር የንግድ መመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል መጥረቢያ፣ ሰይፍ፣ ለጦር የሚሆን ብረት፣ እንዲሁም ከሕንድ የሚመጣ ብረትና አረብ ብረት ይዘረዝራል። "አረብ ብረት" የሚለውን የአማርኛ ስም ራሱን ልብ በሉት። በስሙ ውስጥ ባሕር ማዶ አለ።

ታዲያ የአገር ውስጡ ቀጥቃጭ የተሸነፈው በንቀት ብቻ ነው? አይደለም፤ ፍትሐዊ እንሁን። ከ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የአውሮፓ ፋብሪካዎች አረብ ብረትን በርካሽና በብዛት ማምረት ሲጀምሩ በየአገሩ ያለው የእጅ ሠራተኛ ተጎድቷል። የእንግሊዙም፣ የጃፓኑም፣ የሕንዱም። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስሙን የሚፈርም ባለእጅ

ጃፓን በ1876 እ.ኤ.አ. በአደባባይ ሰይፍ መታጠቅን ስትከለክል ሰይፍ ሠሪዎቿ ሥራ አጡ። ዕውቀቱ ግን አልጠፋም። አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ ጃፓናዊው ሠሪ ለብዙ መቶ ዓመታት በእጀታው ውስጥ በሚደበቀው የብረቱ ጭራ ላይ ስሙን ሲቀርጽ ኖሯል። ሰይፉን የፈታ ሁሉ ማን እንደሠራው፣ አንዳንዴም የት እና መቼ እንደሆነ ያነባል። ተማሪ የመምህሩን ሥራ አይቶ ይለያል፤ ስህተቱንም ያርማል። በ1963 እ.ኤ.አ. ሚያይሪ ሾሄይ የተባለው ሰይፍ ሠሪ በመንግሥት "ሕያው ብሔራዊ ቅርስ" ተብሎ ተሰይሟል። ቅርስ የተባለው ሰይፉ ሳይሆን ሰውየው መሆኑን ልብ አላችሁ? ዛሬም እዚያ ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 5 ዓመት በመምህር ሥር መማር ግድ ነው፤ ፈቃድ ያለውም በወር ከ2 ረጅም ሰይፍ በላይ መሥራት አይችልም።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በእጅ የመቀጥቀጥ ሙያ ሊረሳ ሲል በ1976 እ.ኤ.አ. ዊልያም ሞራን ከባልደረቦቹ ጋር የስለት ቀጥቃጮች ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩን ማዕረግ ለማግኘት የሚሰጠው ፈተና ያስገርማል። ራሳችሁ የቀጠቀጣችሁት አንድ ቢላ የተንጠለጠለ ወፍራም ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል፤ ከዚያ ወፍራም ጣውላ ሁለት ጊዜ ይቆርጣል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ የክንድ ጸጉር መላጨት አለበት። በመጨረሻ በማሰሪያ ተይዞ 90 ዲግሪ ይታጠፋል፤ መሰበር የለበትም። ከላይ ያየነው የካርቦንና የሙቀት ሚዛን ሁሉ በዚህ ፈተና ይመዘናል። ሰብሳቢዎች ለእንዲህ ያለው ሰው ሥራ ዓመታት ወረፋ ይጠብቃሉ፤ የሚከፍሉትም ለብረቱ ብቻ ሳይሆን ስለቱ ላይ ላለው ስም ነው።

"አፍሪካ ውስጥ ግን ባለእጅ ሁሌም ይናቃል" እንዳትሉ። በማሊና በአካባቢዋ በማንዴ ሕዝቦች ዘንድ ኑሙ የሚባሉት ብረት ሠሪዎችም እርስ በርስ ብቻ የሚጋቡ ናቸው፤ ይፈራሉም። ግን ፍርሃቱ ከአክብሮት ጋር ነው፤ ሥርዓት የሚመሩት፣ የተጣላ የሚያስታርቁት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው መናቁ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ሰዎች የሠሩት ነገር ነው፤ ሰዎች የሠሩትን ደግሞ ሰዎች ሊያፈርሱት ይችላሉ።

የጠፋው ምንድን ነው?

ስም አለመጻፉ ክብርን ብቻ አይደለም ያሳጣን። ዕውቀትም አሳጥቶናል። ሠሪው ካልታወቀ ከሁለት ጎራዴ የትኛው የተሻለ ቀጥቃጭ ሥራ እንደሆነ ማወዳደር አይቻልም። የአንዱ መንደር ዘዴ ወደ ሌላው አይሻገርም። ልጅ አባቱ የሚሰደብበትን ሙያ መውረስ አይፈልግም፤ አባትም ቢሆን አይፈርድበትም። ሙያው በቤተሰብ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ቤተሰቡ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤሎች በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ፣ ከእነሱም በፊት በሱዳን በኩል ሌሎች ሲሄዱ፣ በመካከላቸው የጎንደር ገበሬ ማረሻ የሚገዛቸው ቀጥቃጮች ነበሩ። ወናፍና መዶሻ ወደ አውሮፕላን አይገባም። በእጅ ያለው ዕውቀት ግን ገብቶ ሄደ።

ሁሉም ጠፋ ማለት ግን አይደለም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ የወዳደቀ ብረት ሲቀጠቀጥ ከሩቅ ይሰማችኋል። ብዙ የአገራችን ቀጥቃጮች ዛሬ ድንጋይ አያቀልጡም፤ የመኪና ባሌስትራ ይጠቀማሉ። ምርጫቸው የዋዛ አይደለም። ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ 0.6 በመቶ አካባቢ ካርቦን ያለው አረብ ብረት ነው፤ ለገጀራና ለቢላ ይስማማል። ይህን በላቦራቶሪ አልለኩትም። ሞርደው፣ መትተው፣ ነክረው፣ ሰብረው አይተው ነው ያወቁት። ሙከራ ማለት ይኸው አይደል?

በንፋስ ስልክ ላፍቶም የብረት በርና መስኮት የሚበይዱ ወጣቶች በየመንገዱ ዳር አሉ፤ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ብረታ ብረት የሚማሩም አሉ። ከከተማችን አንጋፋ የሙያ ትምህርት ቤቶች አንዱ ተግባረ ዕድ ይባላል፤ በግዕዝ "የእጅ ሥራ" ማለት ነው። ባለእጅ ስድብ ሆኖ በኖረበት አገር ለትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ስም መስጠት ራሱ መልስ ነው። ቢሆንም "ትምህርት ያልሆነለት ወደ ሙያ ይሂድ" የሚለው አባባል ዛሬም ከቤታችን አልወጣም። ያ አባባል የቡዳው ወሬ የልጅ ልጅ ነው።

ምን እናድርግ? ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ወይም ብሔራዊ ሙዚየምን ስትጎበኙ የድሮ የብረት ሥራ ካያችሁ ሦስት ነገር ፈልጉ። ማኅተም አለው? እጀታውና ስለቱ የአንድ ቦታ ሥራ ይመስላሉ? የመዶሻ ምት ይታያል? በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብቻ ዕቃው ከየት እንደመጣ ብዙ መገመት ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ሥራ ደግሞ ከሙዚየም ውጭ ነው። በሰፈራችሁ ወይም ክረምት ዘመድ ጥየቃ በምትሄዱበት ገጠር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ካለ ሄዳችሁ "አባባ" ወይም "ጋሼ" ብላችሁ አክብራችሁ ጠይቁ። ይህን ሥራ ማን አስተማረዎት? ብረቱ በቂ መጋሉን በምን ያውቃሉ? በምን ይነክሩታል፣ ለምን? ፈቃዳቸው ከሆነ መልሱን ከነስማቸው ጻፉት። ቢላ ከገዛችሁም በእጀታው ላይ ስማቸውን እንዲቀርጹላችሁ ለምኗቸው፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ሰብሳቢ ያንን ቢላ ሲያገላብጥ፣ ማን ሠራው ለሚለው ጥያቄ መልሱን እዚያው ያነበዋል።